ከአቢጃታ ጭቃ እስከ ሳኔቲ ፍልፈል

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ያቺን የምግብ ሰንሰለት ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳልኳት አላውቅም። ከታች ሣር፣ ከዚያ ፌንጣ፣ ከዚያ እንቁራሪት፣ ከዚያ እባብ፣ አናቱ ላይ ንስር። ቀስቶቹን እያሰመርኩ «ከአንዱ እርከን ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ኢነርጂ አሥር በመቶ ገደማ ነው» እላለሁ፤ ተማሪዎቹ ይቀዳሉ፤ ደወል ይደወላል። እውነቱን ለመናገር እንቁራሪት የዋጠ እባብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

አምና ጡረታ ወጣሁ። ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ቪትዝ ገዛና «ጋሼ፣ ረጅም መንገድ ልሞክራት፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። እሺ አልኩት፣ መንገዱን ግን እኔ እመርጣለሁ። የምግብ ፒራሚዱን፣ ከሚበላው እስከ በዪው፣ ከታች ወደ ላይ ልንወጣው ተስማማን። ተስማማን የምለው እኔ ነኝ፤ እሱ ከነገርኩት ሁሉ «ሐዋሳ» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018፤ ባቱ

በጠዋት ወጥተን የፍጥነት መንገዱን ይዘን ረፋዱ ላይ ባቱ ገባን። ዝዋይ የሚለው የድሮ ስሟ ከአፌ አልጠፋ ብሎኝ አልጋ ያከራየችን ልጅ ሁለት ጊዜ አረመችኝ። ክፍሉ 900 ብር፣ ንጹሕ፣ መታጠቢያ ቤቱ ባለ መስታወት። ውሃ ግን የለም። «ማታ ይመጣል» ተባልን፤ ማታ በባልዲ መጣ።

ደምበል ሐይቅ ዳር ወረድን። ጀልባዎች ገብተው ወጣቶች በስለት ዓሣ ይገፍፋሉ፤ ቅርፊቱ እጃቸው ላይ ተጣብቆ ያብረቀርቃል። አንዱን «የትኛው ይሻላል?» አልኩት። «ቆሮሶ ይሻላል፣ አባባ። አምባዛው ግን ይረክሳል» አለኝ። ነገሩ አሳቀኝ። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ነው የሚበላው፤ ከፀሐይ ሁለተኛ እጅ ላይ ያለ ዓሣ ነው። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፣ ሌላ ዓሣም ጭምር። በኢነርጂ ሒሳብ ከሄድን አንድ ኪሎ አምባዛ ከአንድ ኪሎ ቆሮሶ ይልቅ ብዙ አልጌ የፈጀ ስለሆነ ውድ መሆን ነበረበት። ገበያው ይህን አያውቅም። የእህቴ ልጅም ከነጭራሹ አልነካውም። «ቅርፊት የለውማ» አለ፤ የእናቱ ልጅ ነው።

ቆሮሶ ጥብስ በአዋዜ፣ ሎሚና ሁለት እንጀራ፣ ለአንድ ሰው 350 ብር። አዲስ አበባ ዓሣ ቤት ብንበላው በዚህ ዋጋ ግማሹን ነበር የሚያቀርቡልን፣ ያውም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ።

ከሰዓት በኋላ ከተማውን ለቀን ትንሽ ተጓዝን። መንገዱ ዳርና ዳር የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳ፣ በየማሳው የውሃ ሞተር። ከደምበል የሚወጣው ቡልቡላ ወንዝ በዚህ አድርጎ ወደ አቢጃታ ነው የሚሄደው። ሞተሮቹን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 9፤ አቢጃታና ሻላ

ፓርኩ በር ላይ መግቢያ ከፈልን፣ ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ተመደበልን። ጠና ያለ ሰው ነው፤ ጠመንጃውን እግሮቹ መሃል አቁሞ ቪትዟ ውስጥ ሲቀመጥ አፈሙዙ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እኔን «ቲቸር» አለኝ፤ እንዴት እንዳወቀ አልገባኝም።

በሩ አጠገብ ሰጎኖችና የሜዳ ፍየሎች አሉ፤ ሰው ፎቶ የሚያነሳው እነሱን ነው። ከዚያ አልፎ ያለው ግን ፓርክ ነው ለማለት ያስቸግራል። የግራር ጉቶ፣ የበቆሎ ማሳ፣ ቤቶች፣ ከብት። አስፋልቱ ዳር ከሰል በጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል። የስንት ዓመት ፀሐይ እንጨት ውስጥ ተጠራቅሞ ከርሞ በሁለት ቀን ጭስ ከሰል ይሆናል። ልወቅስ አፌን ከከፈትኩ በኋላ እኔም ቤት ቡናው የሚፈላው በምን እንደሆነ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ከኮረብታው ላይ ሻላ ይታያል፦ ሰማያዊ፣ ጸጥ ያለ፣ 266 ሜትር የሚጠልቅ። ስካውቱ ሐይቁ ውስጥ ያለች ደሴት በጣቱ አሳየኝ። «ፔሊካኖቹ እዚያ ነበር የሚፈለፍሉት» አለ። ሻላ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ዓሣ የለም፤ ደሴቷ ላይ ግን ጫጩት የሚበላ አውሬ አይደርስም። ስለዚህ ወፎቹ እዚህ እየፈለፈሉ፣ ለምግብ ጉብታውን ተሻግረው አቢጃታ እየወረዱ፣ ዓሣ በጉሮሯቸው ከረጢት ሞልተው ይመለሱ ነበር። ቤት አንዱ ሐይቅ፣ ወጥ ቤት ሌላው ሐይቅ።

ወጥ ቤቱ ተዘጋ። አቢጃታ ውሃ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የለውም። ቡልቡላና ከላንጋኖ የሚመጣው ሆራከሎ ይመግቡታል፣ ፀሐይ ትመጠዋለች፣ ጨዉ ይቀራል። በመስኖው ምክንያት የሚገባው ሲቀንስ፣ ሶዳ አሽ ለማምረት ደግሞ ከራሱ ከሐይቁ ሲሳብ፣ ውሃው ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ። «ዓሣው ሲጠፋ እነሱም ሄዱ። ማንም አልነካቸውም፤ አልተተኮሰባቸውም» አለ ስካውቱ። ደሴቷ እንዳለች ነች።

ወደ አቢጃታ ስንወርድ «ውሃው እዚህ ድረስ ነበር» ያለኝ ቦታ ላይ ቆሜ ውሃውን ፈለግሁት። በሩቅ እንደ ብልጭታ ይታያል። በመሃል ያለው ነጭ፣ የተሰነጣጠቀ፣ አመድ የመሰለ ሜዳ ነው። በእግር ሄድን። ዳር ስንደርስ ሮዝ ነገር ተንጣሎ አየን፤ ፍላሚንጎ! አንገታቸውን ቁልቁል ደፍተው፣ መንቆራቸውን ገልብጠው፣ በምላሳቸው ውሃውን እየሳቡ ያጣራሉ። የሚያጣሩት አልጌ ነው። ያ አልጌ ሶዳ ይወዳል፤ ዓሣውን የገደለው ውሃ ለእሱ ይስማማዋል። ሮዝ ቀለማቸውም የሚመጣው ከዚሁ ምግብ ነው።

የእህቴን ልጅ አስቁሜ ጭቃው ላይ በእንጨት ሣልኩለት። አልጌው 1,000 እጅ ኢነርጂ ከያዘ፣ ፍላሚንጎው በቀጥታ ስለሚበላው 100 ይደርሰዋል። ፔሊካኑ ግን በመሃል ዓሣ አለበት፤ አልጌው 1,000፣ ዓሣው 100፣ ፔሊካኑ 10። «ለዚህ ነው አንድ ሐይቅ ፍላሚንጎን በብዙ ሺህ ሊያኖር የሚችለው» አልኩት። «ጋሼ፣ ሌላው የት ገባ?» አለ። ሮጦ፣ በርሮ፣ ሞቆ አለቀ። ያልተበላውና በኩስ የወጣው ደግሞ እግርህ ሥር ነው፤ የሚሸትህ እሱ ነው።

ይህን ያህል ካስተማርኩት በኋላ ልጁ መኪናዋን ለፎቶ ወደ ውሃው ካላስጠጋሁ አለ። ስካውቱ «ተው፣ ላዩ ነው ደረቅ» አለው፤ አልሰማም። ሃምሳ ሜትር ሳትሄድ የፊት ጎማዎቹ ቅርፊቱን ሰብረው ገቡ። ከሥሩ ጥቁር፣ እንደ ቅቤ የሚያንሸራትት፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጭቃ ነው። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆምን። ከየት እንደመጡ ያልታዩኝ ስድስት ጎረምሶች 3,000 ብር ጠየቁን፤ ስካውቱ በኦሮምኛ ተከራክሮልን በ1,800 ተስማማን። ከግራር ቅርንጫፍ ጋር እየተጋገዙ አወጧት። አንዱ «ባለፈው ወር ያወጣነው ላንድክሩዘር ነበር» ብሎ አጽናናን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ ሐዋሳ

ሻሸመኔ ላይ ቤንዚን ፍለጋ ጠዋታችን አለቀ። ማደያው ሰልፍ፣ ከማደያው ጀርባ በሃይላንድ የሚሸጥ። እኛም ከሃይላንዱ ገዛን፤ ዋጋውን አልጽፈውም፣ ያሳፍራል።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ እንደ ደረስን የተቀበሉን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ናቸው። መላጣ፣ ቀይ ከረጢት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ወገባቸውን ይዘው እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ይቆማሉ። ዓሣ ገፋፊው አንጀትና ጭንቅላት ሲወረውር ግን ሽምግልናው ያበቃል። ተማሪዎቼን «አብስባሾችና ጥንብ አንሺዎችን አትርሱ» እያልኩ ፈተና ላይ አንድ ማርክ ነበር የምሰጣቸው፤ ትንሽ ነው። ባክቴሪያና ፈንገስ የሚጨርሱትን እነዚህ ቀድመው ይሻማሉ፤ እዚህ ዳርቻ ያለ እነሱ መቆም አይቻልም ነበር። አንዱ ከኋላዬ መጥቶ በፌስታል የያዝኩትን ጥብስ ነጥቆኝ ሄደ። 300 ብር። ሳቁብኝ፤ ሻጯ ግን አዝና ሁለት ቁራጭ መረቀችልኝ፣ ከዳጣ ጋር።

ማታ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ለልጁ ስለ ሬይመንድ ሊንደማን አወራሁት። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሐይቅ ዓመታት ሙሉ ሲቆፍር፣ ሲያጠልል፣ ሲመዝን የኖረ ወጣት ነው። ማን ማንን ይበላል ከማለት አልፎ ስንት ካሎሪ ከየትኛው እርከን ወደየትኛው አለፈ ብሎ ያሰላው እሱ ነው። ጽሑፉ በ1942 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሲወጣ ግን አላየውም፤ ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ 27 ዓመት ሳይሞላው ታሞ ሞተ። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «እኔ 28 ነኝ» አለ። ቢራውን ጨርሶ ወደ አልጋው ሄደ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ዲንሾ

ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ። ስንዴና ገብስ ብቻ። አዳባን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫው ራሱ ነፋስ አልነበረውም፤ ስለዚያ ሰዓት ሁለታችንም ላናወራ ተስማምተናል።

ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ ኒያላዎች መንገዱ ዳር ይግጣሉ፤ ወንዱ ቀንዱን እንደ ጠመዘዙት ዘንግ ይዞ መኪናዋን ከቁም ነገር አልቆጠራትም። ከርከሮዎቹ ደግሞ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ይነጫሉ።

ያረፍንበት ቤት እናት ጭኮ አቀረቡልን፦ የገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ ታሽቶ፣ ከጎኑ እርጎ። «ብሉ፣ ሌሊቱ ይበርዳል» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ እንኳ እግሬ አልሞቀም። የበላሁት ጭኮ በሙሉ ሌሊቱን ሙቀት ሆኖ እንዳለቀ ገባኝ፤ ጠዋት በረሃብ ነው የተነሳሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ ሳኔቲ

ቪትዟን ጎባ አቆምናት። ከሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ተጋርተን ላንድክሩዘር ያዝን፤ ድርሻችን ለሁለት 5,000 ብር፣ አስጎብኚውን ጨምሮ። ቀኑ የጾም ቀን ስለነበር ስንቃችን ዳቦና ሽሮ ፍትፍት ነው። አስጎብኚው ሳቀ፤ «ቀይ ቀበሮ ጾም የለውም» አለ። በሒሳቡ ግን የጾመው ነው የተሻለ ያተረፈው። ሽምብራውን በቀጥታ ስትበላው በሬው የሚያቃጥለው ድርሻ አይቀነስብህም።

ከጎባ መንገዱ እየተጠማዘዘ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ አልፎ የባሌው ሳኔቲ ሜዳ ላይ ሲያወጣን ጭንቅላቴን በመዶሻ የመቱኝ መሰለኝ። አራት ሺህ ሜትር ነው። ዛፍ የለም፤ ጅብራው ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል። ሣሩ አጭር፣ ሌሊት የወረደው ውርጭ ገና ያላለቀ። መሬቱ ሁሉ ተቦርቡሯል።

አስጎብኚው መኪናውን አስቁሞ «አትናገሩ፣ ቲቸር፣ እዚያ ተመልከቱ» አለኝ። ከአንድ ጉድጓድ ግማሽ አካሉን ያወጣ ፍልፈል። ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ አናት ላይ ናቸው፣ ጥርሱ ቢጫ፣ መጠኑ እንደ ትንሽ ጥንቸል፤ ኪሎ የሚጠጋም አለው፤ ከባሌ ውጭ በዓለም የትም የለም። የኋላ እግሩን ከጉድጓዱ ሳያወጣ በዙሪያው ያለውን ሣር ይጨምታል፣ አፉን ሞልቶ የኋሊት ይገባል፣ እንደገና ብቅ። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ተቀምጣለች። ፍልፈሉ አፈሩን ሲገለብጥ ነፍሳቱን እሷ ትለቅማለች፤ እሷ ደንግጣ ስትጮህ ደግሞ እሱ ይገባል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ያስተማርኩት ሣር እና «አንደኛ ደረጃ ተመጋቢ» እነሆ፣ አሥር እርምጃ ላይ ነው።

ፀሐዩ ሲበረታ አራት ሰዓት ገደማ ቀበሮው መጣ። ቀይ፣ ረጅም እግር፣ ጉሮሮው ነጭ። ኦሮሞዎች ጀዴላ ፈርዳ ይሉታል። መሬቱን እየሸተተ ሄደ፣ ቆመ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ረጋ፣ ከዚያ እንደ ድመት እየተሳበ... ወፏ ጮኸች። ጉድጓዱ ባዶ። ተቀምጦ ጠበቀ፤ ደከመውና ተነሳ። ሌላ ጉድጓድ፣ ሌላ መሳብ፣ አሁንም ባዶ። ሦስተኛው ላይ ፊቱን እስከ ትከሻው ቀብሮ አፈር ሲበትን ቆየና አንድ የሚወራጭ ነገር ይዞ ወጣ። ግማሹን በላ፤ ግማሹን በአፍንጫው አፈር እየገፋ ቀበረው። ዞር እንዳለ ቁራ መጥቶ ማውጣት ጀመረ።

በመንጋ እየኖረ ለብቻው የሚያድነው ለዚህ ነው፤ አንድ አይጥ ለስድስት አይካፈልም። መንጋው ጠዋት አብሮ ድንበሩን ይዞራል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ወደየሥራው። ምግብ በሞላበት ቦታ እንኳ ለአንድ መንጋ ስድስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ከሱ ጋር ደግሞ ንስሩም ጭልፊቱም ያንኑ አይጥ ነው የሚሻማው።

እዚህ ቆሜ ነው «አሥር በመቶ» የምትለዋ ቁጥሬ የከዳችኝ። እሷ አማካይ ነች፤ ለሐይቅ ትስማማለች። ደሙ ቀዝቃዛ የሆነ ዓሣ ከፈጨው ምግብ አሥር በመቶ የሚጠጋውን ሥጋ ያደርገዋል። ትንሽ ባለ ፀጉር እንስሳ ግን ሁለት በመቶ እንኳ አያስቀርም፤ ቀሪውን በሙሉ ለመሞቅ ያነደዋል። በዚህ ብርድ ፍልፈል መሆን ማለት ምድጃ መሆን ነው። ቀበሮው ከምድጃው የሚያገኘው ፍሙን ነው፤ ያውም እሱ ራሱ ሌላ ምድጃ ነው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 የማይሞሉ፣ ከግማሽ የሚበልጡትም ባሌ ውስጥ መሆናቸውን ስሰማ ድሮ አደን ብቻ ነበር የሚታየኝ። እርግጥ ሌላም አለ፤ በየጊዜው ከእረኞች ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ መንጋ ሙሉ ጨርሷል። ግን በሽታው ባይኖር እንኳ ከዚህ ሣር በላይ ቀበሮ አይኖርም።

ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር፣ በመኪና ወጣን። ተማሪዎቹ ዘለሉ፣ እኔ አስመለሰኝ።

ስንመለስ ረጅም አገዳ ላይ ታች ቢጫ፣ ላይ ቀይ ሆኖ ጧፍ የመሰለ አበባ አየሁ፤ ወቅቱ እያለቀበት ነው። አስጎብኚው አንዱን ቀጥፎ ሰጠኝና «ይምጠጡት፣ እረኛ ሳለን ቁርሳችን ነበር» አለ። ይጣፍጣል፣ እንደ ቀጭን ማር። ቀበሮዎቹም ይልሱታል። በ2024 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አጥንተው አሳትመውታል፤ አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ ሠላሳ አበባ ይደርሳል፤ አፍንጫው ላይ የሚቀረውን የአበባ ዱቄት ከአንዱ ወደ አንዱ ሳያዳርሰው አይቀርም። አናት ላይ ያስቀመጥኩት ሥጋ በል ሁለት እርከን ወርዶ ከታች ይጠጣል! ሰሌዳዬ ላይ ይህን የሚያሳይ ቀስት አልነበረም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ ሪራ፣ ከዚያ ወደ ቤት

ላንድክሩዘሩ ለግማሽ ቀን ተጨምሮ ወደ ሪራ ወረድን። ከሜዳው ጫፍ መንገዱ ቁልቁል ሲወድቅ ጉሙ ይመጣና ሀረና ጫካ ይውጥሃል። ጭንቅላቴ ወዲያው ለቀቀኝ። የኮሶ ዛፎች ሽበት አብቅለዋል፣ ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለ ይባላል፤ ከቀርከሃ ቅጠል ሌላ እምብዛም አይበላም። ድምፁን እንኳ አልሰማንም። የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጬ እጄን ስደገፍበት እስከ አንጓዬ ገባ፤ ውስጡ እንጉዳይና ትል ብቻ ነው። እዚህ ከሚበቅለው አብዛኛው በማንም ሳይበላ እንዲህ ነው የሚያልቀው።

አንድ ኪሎ ማር በ700 ብር ገዛሁ። ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ የወረደ ነው፣ ሰፈፉ አብሮ። አዲስ አበባ «የባሌ» ተብሎ ከሚሸጠው ጋር ዘመድም አይመስሉም።

መልሱ አሥር ሰዓት ፈጀ፤ አንድ ሌሊት አዳማ አደርን። ቅዳሜ ልጁ ቪትዟን ላቫጆ ወሰዳት። አጣቢው ልጅ ከሥር ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ ሲሚንቶ ነው?» አለ። የአቢጃታ ጭቃ ደርቆ ነጭ ሆኗል። 150 ብር ጨምሩ ተባልን፤ በብረት ነው የፋቀው፣ ሽታው ግን እስካሁን አለ።